ውሃ እያለ ለምን አሞኒያ?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። ጠያቂዋ የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ረዘም ያለ ስለነበር ላሳጥረው፦

«ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን የአንድ ትንሽ ሳተላይት ማቀዝቀዣ ሂት ፓይፕ እያሰላን ነው። ያገኘነው ጽሑፍ ሁሉ ውስጡ አሞኒያ ይግባ ይላል። የውሃ የመትነኛ ሙቀት (አንድ ኪሎ ፈሳሽ ሲተን የሚወስደው ሙቀት) ግን የአሞኒያን እጥፍ ነው። ውሃ አይመርዝም፣ አይሸትም፣ ጣና ደግሞ አጠገባችን ነው። ታዲያ ለምን ውሃ አይሆንም? በረዶ እንዳይሠራ ትንሽ አልኮል ብንቀላቅልበትስ? ቧንቧው ቀላል እንዲሆን አሉሚኒየም አድርገነዋል።»

እህቴ፣ ውሃ ጥሩ ፈሳሽ ነው ያልሽው እውነት ነው። የአልኮሉ ሐሳብ አያስኬድም። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርሽ ግን እንደ ተራ ነገር ያለፍሻት ትሁን እንጂ ዋናዋ ጣጣ እሷ ናት። እኔንም በጊዜዬ ጉድ ሠርታኛለች፤ እመጣበታለሁ።

ሂት ፓይፕ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልናገር። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ከታች ድፍድፉ ይፈላል። እንፋሎቱ በሸምበቆው አልፎ ውሃ ውስጥ የተነከረው ዕቃ ጋ ሲደርስ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። ከእሳቱ የወሰደውን ሙቀት እዚያ ጥሎት ነው ፈሳሽ የሚሆነው። አረቄ አውጪዋ ማቀዝቀዣውን ውሃ ቶሎ ቶሎ የምትቀይረው ለዚህ ነው። ሂት ፓይፕም ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ የወጣው «አረቄ» አይቀዳም። በዚያው በታሸገው ቧንቧ ግድግዳ ላይ ተስቦ ወደ እሳቱ ይመለሳል። የሚስበው የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ የሚስብበት ኃይል ነው። ፓምፕ የለውም፣ ሞተር የለውም፣ መብራት ቢጠፋም አይቆምም።

ሐሳቡ መጀመሪያ የመጣው ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ይሠራ ለነበረው ለሪቻርድ ጎግለር ነው፤ ፓተንቱን ያገኘው በ1944 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ዞር ብሎ ያየው የለም። በ1963 ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ውስጥ ጆርጅ ግሮቨር ለብቻው ደረሰበት፤ ሂት ፓይፕ የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተውም በዚያው በ1963 ነው። ዝም ብሎ መገጣጠም ነው፤ ግን እኔ መጥቀስ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። በ1967 መጀመሪያ ጠፈር ላይ የተሞከረው ሂት ፓይፕ ውስጡ የነበረው ውሃ ነው። ቧንቧው የማይዝግ ብረት ነበር። እና ሐሳብሽ ያላዋቂ ሐሳብ አይደለም፤ ከአንቺ በፊት ትልልቆቹም ከዚያው ነው የጀመሩት።

ቀጥሎ ያለውን ባሕር ዳር ያደገ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለሆነ ጀበናሽ የሚንፈቀፈቀው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ስለሳሳ ነው። አየሩን ጭራሽ ብታወጪውስ? ውሃ በ20 ዲግሪም ይፈላል። ሂት ፓይፕ ሲሠራ አየሩ ሙልጭ ተደርጎ ይወጣል፣ ፈሳሹ ብቻ ይገባል፣ ይታሸጋል። ከዚያ በኋላ ውስጡ ያለው ፈሳሽና እንፋሎት ብቻ ነው። አንዱን ጫፍ ትንሽ ብታሞቂው እዚያ ይተናል፤ ሌላው ጫፍ ላይ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ግፊቱን የሚወስነው የቧንቧው ሙቀትና የፈሳሹ ዓይነት ብቻ ነው። ይቺን ያዢልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን ወደ ውድድሩ። ፈሳሾች የሚወዳደሩበት አንድ ቁጥር አለ። እፍጋቱን በገጽ ውጥረቱ፣ ያንን በመትነኛ ሙቀቱ ታባዢና ለዝልግልግነቱ ታካፍያለሽ። በ25 ዲግሪ ሳሰላው፣ ለአሞኒያ 100 ብንሰጥ ውሃ 180 ገደማ ያመጣል። ሜታኖል 35 አይሞላም። ኤታኖል፣ ማለትም የአረቄው አልኮል፣ ከ15 በታች ነው። እና ውሃ አንደኛ ወጣ። ጥያቄሽ የቆመው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቆመውም እዚሁ ነው።

ግን ይህ ቁጥር የሚያየው ፈሳሹን ብቻ ነው። በመመለሻው መንገድ የሚሄደውን። በመሄጃው የሚሄደው እንፋሎት ነው፣ ስለ እሱ ቁጥሩ ምንም አይልም። እኔ ተማሪ ሁሉ ሲሳሳት የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ፈሳሹን መርጦ እንፋሎቱን ይረሳል።

እስኪ አብረን እናስላ። የቧንቧው ውስጥ ባዶ ቦታ 8 ሚሊሜትር ስፋት አለው እንበል። 50 ዋት ልናሳልፍ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ። በዚህ ሙቀት የውሃ እንፋሎት በአንድ ሜትር ኩብ 17 ግራም ብቻ ይመዝናል። በጣም ስስ ነው። 50 ዋት ለመሸከም ይህ ስስ ነገር በሴኮንድ 23 ሜትር ያህል መሮጥ አለበት። ከተማ ውስጥ እንዲህ የሚነዳ ባጃጅ የለም፤ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአሞኒያ እንፋሎት ግን በዚያው ሙቀት በሜትር ኩብ 6.7 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። 50 ዋቱን ለመሸከም በሴኮንድ 12 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። በእግር ከሚንሸራሸር ሰው ያነሰ።

ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የውሃው እንፋሎት ይባስ ይሳሳል። ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግጭቱ ይጨምራል፣ ፈሳሹን እየገፋ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ውሃ በእርግጥ ንጉሥ ነው፤ ግን ግዛቱ ሞቅ ያለ ቦታ ነው። ከ60 ወይም ከ70 ዲግሪ በላይ፣ በጣም እስኪፋጅ ድረስ፣ የሚወዳደረው የለም። ላፕቶፕሽን ብትከፍቺው ጠፍጠፍ ያለች የመዳብ ቧንቧ ታገኛለሽ፤ ውስጧ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው። ሳተላይት ላይም ቢሆን ሞቅ የሚል የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ውስጥ የመዳብና የውሃ ቧንቧ ይገባል።

የሳተላይት ራዲያተር ግን ላፕቶፕ አይደለም። ጥቁሩን ሰማይ እያየ ሙቀት የሚጥል ገጽ ነው። ዝቅ ባለ ምሕዋር ላይ ያለ ሳተላይት በ95 ደቂቃ ገደማ ምድርን ይዞራል፤ ከዚያ ውስጥ 35 ደቂቃ ያህሉን ጥላ ውስጥ ሊያሳልፍ ይችላል። ውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከጠፋ ራዲያተሩ ከዜሮ በታች በብዙ አሥር ዲግሪ ይወርዳል። ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ያብጣል። ፍሪዘር ውስጥ ተረስታ የተሰነጠቀች ጠርሙስ አይተሻል። በቀን 15 ጊዜ እንዲህ እያደረግሽ ዓመት ሙሉ አስቢው። አሞኒያ የሚረጋው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ አካባቢ ነው።

አሞኒያ ግን መልአክ አይደለም። በ20 ዲግሪ ውስጡ ያለው ግፊት 8.6 ባር ነው። በ60 ዲግሪ 26 ባር ይደርሳል። የመኪና ጎማ 2 ባር ከምናምን ነው። ስለዚህ ቧንቧው ግድግዳው ጠንከር ብሎ ይሠራል፣ በከፍተኛ ግፊት ይፈተሻል። ከረጋም መቅለጡ ራሱ ጣጣ አለው። ከውሃ በተቃራኒ አሞኒያ ሲቀልጥ ነው የሚያብጠው። በሁለት በኩል በረጋ አሞኒያ የተዘጋው መሐሉ መጀመሪያ ከቀለጠ መሄጃ ያጣና ቧንቧውን ይቀደዋል።

መርዝነቱንም ትክክል ነሽ። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውጪ በአሞኒያ፣ የአሜሪካው ክፍል ውስጡ በውሃ የሚቀዘቅዘው። እዚያ በፓምፕ ነው የሚዞረው፤ ምርጫው ግን ያው ነው፤ ሰው ባለበት ውሃ፣ ብርድ ባለበት አሞኒያ። በጥር 2015 የአሞኒያ ማስጠንቀቂያ ጮኾ ሠራተኞቹ በሙሉ ወደ ሩሲያው ክፍል ሸሽተው በሩን ዘጉ። በኋላ የውሸት ማንቂያ ሆኖ ተገኘ። ያንቺ ሳተላይት ላይ ሰው ስለሌለ ይህ አያሳስብሽም። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሞላው ሰው ግን ያሳስበው።

አልኮሉን ቶሎ ልጨርሰው። ውሃና አልኮል ቀላቅለሽ ሂት ፓይፕ ውስጥ ብታስገቢ ቧንቧው አረቄ ማውጣት ይጀምራል። ቀልድ አይደለም። አልኮሉ ቀድሞ ይተናል፣ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሄዶ ይከማቻል። ውሃው ሞቃቱ ጫፍ ይቀራል። አንድ ወጥ ሙቀት የነበረው ቧንቧ ከጫፍ ጫፍ የሙቀት ልዩነት ያመጣል። በረዶን የሚከላከለው አልኮል አንድ ጫፍ፣ በረዶ የሚሠራው ውሃ ሌላው ጫፍ። የፈራሽው ነገር መልሶ መጣ ማለት ነው።

አሁን የአሉሚኒየሟ ጉዳይ።

እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዳንቺው አስቤ ነበር። 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ቧንቧ፣ ውስጡ የናስ ወንፊት፣ ንጹሕ ውሃ። (ናስና አሉሚኒየም አንድ ላይ ማስገባቱ ሌላ ጥፋት ነበር፤ እሱንም ያኔ አላወቅሁም።) የመጀመሪያ ቀን ድንቅ ሠራ። አንዱን ጫፍ ሙቅ ውሃ ውስጥ ስነክር ሌላው ጫፍ በጥቂት ሴኮንድ ጣት ያቃጥላል። የመጣ ሰው ሁሉ እንዲነካው አደረግሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ለመምህራን የማሳይበት ቀን ደረሰ። ነከርኩት። ጠበቅን። ጫፉ ቀዝቃዛ ነው። ጣቴን ከታች ወደ ላይ ስሄድበት ሁለት ሦስተኛው ድረስ ትኩስ ነው፤ ከዚያ ቢላ እንደቆረጠው በድንገት ይቀዘቅዛል። ያቺን ድንበር እስከዛሬ ጣቴ ያስታውሳታል።

ድሮ ነቅነቅ ሳደርገው ውስጡ ያለችው ትርፍ ውሃ «ጠቅ ጠቅ» ትል ነበር፤ እንደ ብረት። አየር ስለሌለ ውሃው ግድግዳውን በቀጥታ ስለሚመታ ነው። የሞተው ቧንቧ ድምፁ ታፍኗል። ቆርጬ ስከፍተው ግድግዳው ላይ እንደ ኖራ ያለ ነጣ ያለ ቅርፊት ተለጥፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሉሚኒየም ከውሃ ጋር ሲገናኝ ቀስ ብሎ ይዋሃድና ሃይድሮጅን ይለቃል። የቤታችን አሉሚኒየም ድስትም ይህን በትንሹ ያደርጋል፤ ጋዙ ግን አየር ላይ ስለሚሄድ አናውቀውም። ሂት ፓይፕ ታሽጓል። ሃይድሮጅኑ መሄጃ የለውም። እንፋሎቱ በሩጫ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሲሄድ ጋዙን ፊቱ እየነዳ ይወስደዋል፤ እዚያ ያጭቀዋል። እንፋሎቱ ፈሳሽ ይሆናል፣ ጋዙ አይሆንም። ያ ጫፍ ከዚያ በኋላ ሞቷል።

ምን ያህል አሉሚኒየም ተበልቶ ይሆን ብዬ በኋላ አስልቼዋለሁ። የውስጥ ስፋቱ 6 ሚሊሜትር በሆነ ቧንቧ፣ በ60 ዲግሪ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ለመዝጋት የሚበቃው ሃይድሮጅን የሚወጣው ከ0.3 ሚሊግራም አሉሚኒየም ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ ይህን ያህል ነው የምትመዝነው። አንድ ሦስተኛውን ቧንቧ የገደለችው አንዲት ጤፍ ናት።

እና አሁን ያዢልኝ ያልኩሽን ግፊት አምጪው። በ60 ዲግሪ ውሃው ውስጥ ያለው ግፊት 0.2 ባር ብቻ ነው። ለጋዙ ሰፊ ቤት ነው፤ ተንፈላስሶ ይቀመጣል። አሞኒያ ውስጥ ግን 26 ባር ነው፣ 130 እጥፍ። ያው የጋዝ መጠን እዚያ ቢገባ ተጨምቆ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ቦታ ይይዛል። ቅድም እንደ ጉድለት የቆጠርነው ግፊት እዚህ ጠባቂ ሆነ። እንፋሎቱን ያወፈረውም እሱ ነው፣ ጋዙን ያሳነሰውም እሱ። አሞኒያ የተመረጠው ግፊቱ እያለበት ሳይሆን ግፊቱ ስላለው ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። በዚያ ላይ ደረቅ ከሆነ ከአሉሚኒየም ጋር ለዓመታት ተስማምቶ ይኖራል። «ደረቅ» የምትለዋ ቃል ግን ዋዛ አይደለችም፤ ጥቂት ውሃ ካለበት ሃይድሮጅኑ ይመለሳል። ከመዳብ ጋር ደግሞ አሞኒያ አይስማማም፣ ይበላዋል። ስለዚህ ፈሳሽ ለብቻው አይመረጥም፤ እንደ ጋብቻ ከእነ ቤተሰቡ ነው። ውሃ ከመዳብ፣ አሞኒያ ከአሉሚኒየም ወይም ከማይዝግ ብረት።

(ሆን ተብሎ ጋዝ የሚገባበትም አለ። ናይትሮጅን ወይም አርጎን በትንሹ ይጨመርና ዕቃው ሲቀዘቅዝ ጋዙ ራዲያተሩን ይዘጋል፣ ሲሞቅ ይከፍታል። የእኔ በሽታ እዚያ መድኃኒት ነው።)

ሌሎቹን ፈሳሾች ላንቺ ሥራ ስለማያስፈልጉ አልዘረዝርም። ከአሞኒያ በታች ላለው ብርድ ፕሮፒሊንና ኢቴን አሉ፤ በጣም ለሚፋጅ ነገር ደግሞ ሶዲየምና ሊቲየም። በ2018 የተሞከረው ኪሎፓወር የተባለው ትንሽ የኑክሌር ማመንጫ ሙቀቱን ያወጣው በሶዲየም ሂት ፓይፕ ነው።

ስለ ክሩ፣ ማለትም ፈሳሹን ስቦ ስለሚመልሰው የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን፣ ግን አንድ ነገር። ጣና ላይ ታንኳ የሚነዳ ሰው ደንገሉ ቀስ በቀስ ውሃ እንደሚጠጣ ያውቃል፤ ስለዚህ ከውሃ አውጥቶ ያደርቃታል። ደንገሉን ከባድ የሚያደርገው ቀጫጭኑ ቀዳዳ የሚስበው ውሃ ነው። ሂት ፓይፕ ውስጥም ቀዳዳው በቀጠነ ቁጥር ስበቱ ይበረታል፣ መንገዱ ግን ይጠብባል። ከመዳብ ዱቄት የተሠራ ክር ውሃን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቅብ ሊስብ ይችላል። የሳተላይቱ አሉሚኒየም ቧንቧ ግን ክር የለውም፤ ውስጡ ርዝመቱን ተከትሎ የተሰነጠቀ ቦይ ብቻ ነው። 0.6 ሚሊሜትር የሆነ ቦይ አሞኒያን ሽቅብ የሚስበው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ምድር ላይ ይህ ምንም ነው። ጠፈር ላይ ሽቅብ የሚባል ነገር ስለሌለ ይበቃል። ለዚህ ነው ምድር ላይ ሲፈተሽ ቧንቧው በውሃ ልክ ተስተካክሎ፣ ሞቃቱ ጫፍ በ2.5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ከፍ ተደርጎ የሚለካው።

አሁን ምን ታድርጊ? መጀመሪያ ሳተላይታችሁ ሂት ፓይፕ ያስፈልገው እንደሆነ አስሊ። 10 ሴንቲ ሜትር የሆነች ኩብሳት (ትንሽ የኩብ ቅርጽ ያላት ሳተላይት) ከሆነች የአሉሚኒየሙ አካል ራሱ ሙቀቱን ያደርሰው ይሆናል። 5 ዋት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ሙቀቱ የሚያልፍበት ፊት 3 ሴንቲ ሜትር ካሬ፤ የጫፎቹ ልዩነት 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። መርማሪ መምህር ይህን ቢጠይቅሽና መልስ ብታጪ ያሳፍራል።

የሚያስፈልግ ከሆነ ስሌቱን በአሞኒያና በአሉሚኒየም ሥሪው። በእጅ የሚነካውን ሞዴል ግን በመዳብና በውሃ ሥሪ። አሞኒያ በእጃችሁ እንዳትሞሉ። ላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ ያለው የአሞኒያ ጠርሙስ ደግሞ አሞኒያ የሟሟበት ውሃ ነው፤ ለዚህ አይሆንም።

ለመዳቡ ፍሪጅ ጠጋኝ ዘንድ ሂጂ። ቱቦውም፣ መበየጃውም፣ ጫፉን ጨምቆ የሚዘጋው መቆንጠጫም አለው። ቫክዩም ፓምፑን ባያውስሽም ግድ የለም። የተጣራ ውሃ ከሚያስፈልገው ትንሽ አብልጠሽ ጨምሪ፣ ጫፉን ክፍት ትተሽ አፍዪው። እንፋሎቱ አየሩን እየገፋ ያወጣዋል። በደንብ ሲንፎለፎል፣ ገና እየወጣ ሳለ ጫፉን ቆንጥጦ ይዝጋልሽ፣ ከዚያ ይበይደው። ጓንት አድርጉ፣ ፊታችሁን አርቁ። እንደተቆነጠጠ፣ ብየዳውን ሳትጠብቂ፣ እሳቱን ወዲያው አውጪው፤ የታሸገ ውሃ እሳት ላይ አይተውም።

ሲቀዘቅዝ ነቅነቅ አድርጊው። «ጠቅ» ካለ አየሩ ወጥቷል። ከዚያ ርዝመቱን ተከትለሽ አምስት ቦታ ቴርሞሜትር ለጥፊበት፣ የመጀመሪያ ቀን ለኪ፣ በሳምንቱ ለኪ፣ በወሩ ለኪ። አምስተኛው ነጥብ ብቻውን መውረድ ከጀመረ ጋዝ ገብቷል ማለት ነው። ልኬቱን ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።